ትንሽ ቃል በንግድ ደብዳቤ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው መግቢያ

በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ ይነገራል። የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ ዋጋውን የሚቆርጠው በአማርኛ ተነጋግሮ ነው፤ ከባቲ በኩል የመጣ ደንበኛ ሲያጋጥመውም አንዳንድ ጊዜ በኦሮምኛ ይስማማል። ዕቃው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወይም ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ድረስ ሸቀጡን የሚከተሉት ወረቀቶች፥ ይኸውም የዋጋ ማቅረቢያው፥ የሽያጭ ደረሰኙ፥ የጭነቱ ሰነድ፥ የመድን ወረቀቱና ባንኩ የሚከፍተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት፥ በአመዛኙ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። እንግዲህ በቃል የተባለው ተረስቶ የሚወረሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው ማለት ነው።

ብዙ ነጋዴዎች ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ ወይም ጸሐፊ ይይዛሉ፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን አስተርጓሚው ቢተረጉምም፥ ጸሐፊው ቢጽፍም፥ በወረቀቱ ግርጌ የሚቀመጠው ፊርማ የነጋዴው ነው። ዕዳውም የሚፈለገው ከፈራሚው ነው። በዚህ ምክንያት ነጋዴው ቋንቋውን እንደ መምህር ባያውቀው እንኳ፥ ገንዘቡን የሚነኩትን ጥቂት ሕጎች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

እንግሊዝኛን የሚፈሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ረዣዥሞቹን ቃላት ነው። ረዥም ቃል ግን መዝገበ ቃላት ከፍቶ ማግኘት ይቻላል፤ ሰውም ስለማያውቀው ይጠይቃል። በንግድ ደብዳቤ ውስጥ ገንዘብ የሚያስገኙትና የሚያሳጡት ማንም አውቃቸዋለሁ ብሎ የሚያልፋቸው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ስለ እነዚሁ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅልን። የእንግሊዝኛውን ቃል በገዛ ፊደላችን የምንጽፈው ድምፁ እንዲሰማ ነው። የእኛ ፊደል እንደሚነገረው ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ግን ከድምፁ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ለምሳሌ «ባይ» ተብሎ የሚነበበው ቃል በሁለት ፊደል ሲጻፍ መስተዋድድ ነው፤ በሦስት ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «መግዛት» ማለት ነው። ስለዚህ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት እየገለበጡ መያዝ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ስለ ቃላት ተራ

በአማርኛ «ባንኩ ነጋዴውን ከሰሰ» ብንልም፥ «ነጋዴውን ባንኩ ከሰሰ» ብንልም ከሳሹ ባንኩ ነው። ይህን የምታስታውቀን በተሳቢው መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ናት። በእንግሊዝኛ ግን ለስም እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ማን እንዳደረገና በማን ላይ እንደ ተደረገ የሚታወቀው ቃሉ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ባለቤቱ ከግሡ በፊት ይቆማል፤ ተሳቢው ከግሡ በኋላ ይከተላል። «ዘ ባንክ ሱድ ዘ መርቻንት» ቢል ከሳሹ ባንኩ ነው፤ «ዘ መርቻንት ሱድ ዘ ባንክ» ቢል ግን ነጋዴው ከሳሽ ሆነ። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ቦታቸው ስለ ተለዋወጠ ብቻ ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ተለዋወጡ።

አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ በመጀመሪያ ግሡን ይፈልጉ። ከእሱ በፊት ያለው አድራጊው ነው። ስምን የሚገልጸውም ቃል ረዘም ሲል ከስሙ በኋላ ይመጣል። እኛ «ከኮምቦልቻ የተላከው ማሾ» ስንል፥ እነርሱ «ማሾው የተላከው ከኮምቦልቻ» እንደ ማለት አድርገው «ዘ ማንግ ቢንስ ሴንት ፍሮም ኮምቦልቻ» ይላሉ።

አድራጊው ተሰውሮ ሲቀር ደግሞ መጠንቀቅ ነው። «ፔይመንት ዊል ቢ ሜድ» ማለት «ክፍያ ይፈጸማል» ማለት ነው። ማን ይፈጽማል? ጽሑፉ አይናገርም። እንዲህ ያለ ሐረግ በውል ውስጥ ሲገኝ «ባይ ዘ ባየር»፥ ማለትም «በገዢው»፥ ወይም «ባይ ዘ ሴለር»፥ ማለትም «በሻጩ» የሚል እንዲጨመርበት ይጠይቁ።

2ኛ፤ ስለ ተውላጠ ስምና ስለ አክብሮት

«ላክን» የሚለው ቃል አንድ ብቻ ሲሆን የላኩት እኛ መሆናችንን በውስጡ ይዞአል። እንግሊዝኛ ግን «ሴንት» ብሎ ቢያቆም ላኪው አይታወቅም፤ «ዊ ሴንት» ብሎ ባለቤቱን መጥራት ግድ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ደብዳቤ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ይህን ይረሳዋል። ደግሞም እኛ ዕቃውን «እሱ» ወይም «እሷ» እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ ማናቸውም ዕቃ «ኢት» ነው፤ ብዙ ሲሆን «ዜይ» ይባላል።

የአክብሮት ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። እኛ አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎ፥ እናንተ እያልን ለሁሉም እንደ ማዕርጉ እንሰጣለን። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፥ ለአንዱም ለብዙውም ያለው «ዩ» ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በልቡ «ዕቃውን ይላኩልን» ብሎ በአክብሮት ያሰበው ቃል፥ «ሴንድ አስ ዘ ጉድስ» ተብሎ ሲጻፍ አክብሮቱ በመንገድ ይቀርና ትእዛዝ ይመስላል። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው በሌላ ስፍራ ነው። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «ፕሊዝ» ማለትን ወይም «ኩድ ዩ» ብሎ በጥያቄ መጀመርን ልማድ ያድርጉ። ባዕድ ደንበኛ የደብዳቤውን ጸሐፊ የሚያውቀው በቃሉ ብቻ ነውና።

3ኛ፤ ስለ ቁጥርና ስለ «ዘ»

እኛ «አሥር ጆንያ»፥ «አምሳ ኩንታል» ስንል ስሙን እንደ ነጠላ እንተወዋለን፤ ብዛቱን ቁጥሩ ተናግሮታልና። እንግሊዝኛ ግን ከቁጥሩ በኋላም ስሙን በ«ስ» ድምፅ እንዲያበዛው ይጠይቃል፤ «ቴን ባግስ» ይላል። አንዳንድ ስሞች ደግሞ አይቆጠሩም። «ኢኩዊፕመንት» መሣሪያ፥ «ማሽነሪ» የማሽን ዕቃ፥ «ኢንፎርሜሽን» ወሬ ወይም መግለጫ፥ እነዚህ «ስ» አይጨመርባቸውም። ሸቀጥ ማለት የሆነው «ጉድስ» ግን ሁልጊዜ «ስ»ን ይዞ ይኖራል። «ስ»ን ካጣ «ጉድ» ይሆንና በእንግሊዝኛ «መልካም» ማለት ነው፤ በእኛ ቋንቋ ጉድ ምን እንደ ሆነ ግን አንባቢ ያውቀዋል።

«ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ከሁሉ ያነሱ ናቸው፤ ሥራቸው ግን አያንስም። «ኤ» ማለት «አንድ፥ ማናቸውም» ማለት ነው፤ ከአናባቢ ድምፅ በፊት ሲሆን «አን» ይባላል። «ዘ» ማለት በአማርኛ «ዋጋው»፥ «ውሉ» ስንል በመጨረሻ እንደምትገኘው «ው» ያለ ነው፤ ሁለታችንም የምናውቀው፥ አስቀድሞ የተነጋገርንበት ማለት ነው። «ዊ አክሰፕት ዘ ኦፈር» ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ የቀረበለትን ዋጋ ተቀብሎአል። በውል ውስጥ «ዘ ጉድስ» የሚል ሲያጋጥምዎ፥ ስለ የትኛው ሸቀጥ እንደሚናገር ከፍ ብለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጉ። ካላገኙት ውሉ ጎደሎ ነው።

4ኛ፤ ስለ ግሥ ጊዜያት

አማርኛ «በየሳምንቱ እንልካለን» ብሎ ለልማድ፥ «ነገ እንልካለን» ብሎም ለትንቢት በአንድ ግሥ ይናገራል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። «ዊ ሴንድ» ማለት ልማዳችን ነው፤ «ዊ ዊል ሴንድ» ወደፊት እንልካለን፤ «ዊ ሴንት» በኃላፊ ጊዜ ላክን፤ «ዊ ሃቭ ሴንት» ደግሞ ልከናል፥ ነገሩ ተፈጽሞአል ማለት ነው።

በ«ሴንድ» እና በ«ሴንት» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የመጨረሻ ድምፅ ናት። ገንዘቡን ያልላከ ሰው «ሴንት» ብሎ ቢጽፍ ተቀባዩ ባንኩ ቤት ሄዶ ይጠይቃል፤ አጥቶ ሲመለስም ላኪውን እንደ ውሸታም ይቆጥረዋል። ስለዚህ በንግድ የሚዘወተሩትን ግሦች ከነኃላፊ ጊዜያቸው በቃል መያዝ ይገባል። መግዛት «ባይ» ነው፤ ገዛ «ቦት»። መሸጥ «ሴል»፤ ሸጠ «ሶልድ»። መክፈል «ፔይ»፤ ከፈለ «ፔይድ»። ማምጣት «ብሪንግ»፤ አመጣ «ብሮት»። ማበደር «ሌንድ»፤ አበደረ «ሌንት»።

በመጨረሻው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አማርኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ብሎ ከአንድ ሥር ሁለቱንም ያወጣል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አበዳሪው «ሌንድ» ያደርጋል፥ ተበዳሪው «ቦሮው» ያደርጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ባለዕዳ መሆኑን ሊናገር ፈልጎ ባለገንዘብ ነኝ ብሎ ይጽፋል።

5ኛ፤ ስለ ፈቃድና ስለ ግዴታ

ይህን ክፍል ለወሎ ሰው ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ በአምባሰል ውስጥ ውጫሌን ያገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል ስሙን ያገኘው ከዚያ ስፍራ ነው። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ጽሑፍ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ኢጣልያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ገለጹ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በጦር ሜዳ ተቆረጠ። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሠረዘው።

«ይችላል» እና «ይገባዋል» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። በእንግሊዝኛ ይህን የሚለዩት ከዋናው ግሥ በፊት የሚቆሙ አጫጭር ረዳት ግሦች ናቸው።

«ካን» ማለት «ይችላል» ነው፤ ችሎታን ይናገራል። «ሜይ» ማለት «ተፈቅዶለታል» ነው፤ ቢፈልግ ያደርጋል፥ ባይፈልግ ይተዋል። «ሹድ» ማለት «ቢያደርግ መልካም ነው» ነው፤ ምክር እንጂ አስገዳጅ ቃል አይደለም። «መስት» ማለት «ግድ ነው» ነው። «ሻል» ደግሞ በዕለት ንግግር ብዙ አይሰማም፤ በውል ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ ግን እንደ «መስት» ግዴታን ይጥላል።

እንበል ሻጩ የላከው ጆንያ በመንገድ ተቀድዶ ደረሰ። ውሉ «ዘ ሴለር ሻል ሪፕሌስ ዳሜጅድ ባግስ» የሚል ከሆነ ሻጩ የተበላሸውን ሊተካ ይገደዳል። «ዘ ሴለር ሜይ ሪፕሌስ» የሚል ከሆነ ግን ቢተካ ደግ አደረገ፤ ባይተካም የሚከሰስበት ቃል የለም። እንዲሁም «መስት ኖት» ማለት «ክልክል ነው» ሲሆን፥ «ኒድ ኖት» ማለት «አያስፈልግም» ማለት ብቻ ነው። ማናቸውንም ውል ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ቃላት በእርሳስ እያሰመሩ ያንብቡ። በእርስዎ ስም አጠገብ «ሻል»፥ በሌላው ወገን ስም አጠገብ «ሜይ» የበዛበት ውል ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሚዛን ነው።

6ኛ፤ ስለ መስተዋድድና ስለ ቀነ ቀጠሮ

የአማርኛው «እስከ» ሁለት ሥራ አለው። «ሱቁ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ነው» ስንል ነገሩ እየቀጠለ እስከዚያ ይደርሳል ማለታችን ነው። «ገንዘቡን እስከ ሰኔ 30 ክፈል» ስንል ግን ቀኑ ሳያልፍ አንድ ጊዜ ይፈጸም ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «አንቲል»፥ ለሁለተኛው «ባይ» ይላል። «ፔይ ባይ» ማለት ከተባለው ቀን ሳታሳልፍ ክፈል ማለት ነው። «ዊዝኢን ሰርቲ ዴይስ» ደግሞ «በ30 ቀን ውስጥ» ነው፤ ከየትኛው ቀን ተነሥቶ እንደሚቆጠር ካልተጻፈ ግን ጠብ ያመጣል።

መቀመጫውን በፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ባወጣው ደንብ ውስጥ ለአንዳንድ ቃላት የተቆረጠ ትርጉም ሰጥቶአል። ይህ ደንብ በቁጥር 600 የሚታወቅ ሲሆን ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ በዚህ ደንብ የሚገዛ መሆኑን ከገለጸና የተለየ ቃል ካልጻፈ በቀር፥ የሚከተሉትን ነጋዴው ሊያውቃቸው ይገባል።

«አባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ» ማለት «ያህል» ነው። ከብዛት፥ ከገንዘብ መጠን ወይም ከነጠላ ዋጋ በፊት ሲጻፍ ከመቶ አሥር መብለጥን ወይም መጉደልን ይፈቅዳል። «አባውት 200 ሜትሪክ ቶን» ከተባለ ከ180 እስከ 220 መላክ ይቻላል። ይህ መብት ግን ቃሉ ለተጻፈበት ነገር ብቻ ነው። ለብዛቱ ተጽፎ ለገንዘቡ ካልተጻፈ፥ ገንዘቡ አብሮ ከፍ አይልም።

«ፍሮም»፥ «ቱ»፥ «አንቲል» እና «ቢትዊን» የመጫኛ ጊዜን ሲወስኑ የተጠቀሰውን ቀን ጨምረው ይቆጥራሉ። «ቢፎር» እና «አፍተር» ግን ያንን ቀን አይጨምሩም። የመክፈያ ቀን ሲቆጠር ደግሞ «ፍሮም» እንደ «አፍተር» ሆኖ የተጠቀሰውን ቀን ይተወዋል። አንዱ ቃል በሁለት ስፍራ ሁለት ዐይነት መቆጠሩ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

የወሩ «ቢጊኒንግ» ማለት ከ1 እስከ 10፥ «ሚድል» ከ11 እስከ 20፥ «ኤንድ» ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። «ኦን ኦር አባውት» ተብሎ አንድ ቀን ቢጠራ፥ ከዚያ ቀን አምስት ቀን ቀድሞ አንሥቶ አምስት ቀን እስኪያልፈው ድረስ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። «ፕሮምፕት»፥ «ኢሚዲየትሊ»፥ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» ማለትም «ቶሎ፥ አሁኑኑ፥ በተቻለ ፍጥነት» የሚሉትን ግን ባንኩ እንዳልተጻፉ ይቆጥራቸዋል። እንግዲህ ዕቃው እንዲፋጠንለት የሚፈልግ ነጋዴ በእነዚህ ቃላት አይተማመን፤ ቀኑን በቁጥር ያስቆርጥ።

በዚሁ ደንብ መሠረት በሽያጭ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው የሸቀጥ ስም በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ካለው ጋር መስማማት አለበት። ባንክ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ጆንያውን ፈትቶ አያይም። በቃሉ «ግሪን ማንግ ቢንስ» ተብሎ የተከፈተለት ላኪ በደረሰኙ ላይ «ማሾ» ብሎ ቢጽፍ፥ ማሾው ምንም ያማረ ቢሆን ወረቀቱ ሊመለስበት ይችላል።

«ኤፍ.ኦ.ቢ.» ስለሚባለውም አንድ ቃል እንጨምር። ይህ «ፍሪ ኦን ቦርድ» የሚለው ሐረግ ምሕጻር ነው። «ፍሪ» የሚለውን ሰምቶ «ማጓጓዣው በነጻ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ትርጉሙ ሻጩ ዕቃውን በተባለው ወደብ መርከብ ላይ ካስጫነ በኋላ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል፥ የባሕሩ ኪራይና አደጋው የገዢው ነው ማለት ነው። «ሲ.አይ.ኤፍ.» በሚባለው ደግሞ ሻጩ የመድኑንና የባሕሩን ኪራይ እስከ ተባለው ወደብ ይከፍላል፤ አደጋው ግን ዕቃው ከመርከብ ላይ ከተጫነ ጀምሮ ወደ ገዢው ያልፋል።

7ኛ፤ የሚመሳሰሉና የሚያታልሉ ቃላት

በከተሞቻችን የንግድና የጋራዥ ንግግር ውስጥ ከኢጣልያንኛና ከሌሎች ቋንቋዎች የገቡ ቃላት ብዙ ናቸው። እንግሊዝኛ መስለው ሲገኙ ግን ያታልላሉ። «ፋብሪካ» የኢጣልያንኛ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ፋብሪካ «ፋክተሪ» ይባላል። «ፋብሪክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ ጨርቅ ነው። ጨርቅ በሚሠራባት በኮምቦልቻ ሁለቱን ማምታታት እጅግ ቀላል ነው፤ ፋብሪካውን እሸጣለሁ ያለ ሰው ጨርቅ ሸጠ ማለት ይሆናል። «መኪና»ም ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ማሽን» ማለት ማናቸውም የሚሠራ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ የጭነት መኪና ሲፈልጉ «ትራክ» ብለው ይጻፉ። «ጎማ»ን እንግሊዞች «ታየር» ይሉታል፤ «ፋቱራ»ን «ኢንቮይስ» ይሉታል።

«ሰልባጅ» በገበያችን የተለበሰ ልብስ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ከተሰበረ መርከብ ወይም ከእሳት የተረፈ ንብረት ማለት ነው፤ የተለበሰ ልብስ «ሰከንድ ሃንድ ክሎዚንግ» ይባላል። «ድራፍት» በከተማው ምሽት ቢራ ነው፤ በባንክ ቤት የክፍያ ወረቀት ነው፤ በጽሕፈት ቤት ደግሞ ያልጸደቀ የውል ረቂቅ ነው። ውሉ «ድራፍት» የሚል ምልክት ካለበት ገና አልጸናም። «ሺፕ» ስም ሲሆን መርከብ ነው፤ ግሥ ሲሆን ግን ዕቃ መላክ ማለት ስለ ሆነ በጭነት መኪና የተላከውም «ሺፕድ» ይባላል።

በቆዳ ንግድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። እኛ የከብቱን ቆዳ፥ የበጉንና የፍየሉን ሌጦ ብለን እንደምንለይ፥ እንግሊዝኛም የከብቱን «ሃይድ»፥ የበጉንና የፍየሉን «ስኪን» ብሎ ይለያል። ተለፍቶ ካለቀ በኋላ ሁሉም «ሌዘር» ይሆናል። ስለዚህ ጥሬውን ሊሸጥ «ሌዘር» ብሎ የጻፈ ሰው ያላለፋውን እንደ ለፋ አድርጎ ሸጠ።

8ኛ፤ ስለ ቀን፥ ስለ ሰዓትና ስለ ሚዛን

«05/06/2018» ተብሎ የተጻፈ ቀን እናንሣ። የኢትዮጵያ አንባቢ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል። እንግሊዛዊው በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 5 ይለዋል። አሜሪካዊው ወሩን ስለሚያስቀድም ሜይ 6 ይለዋል። አንድ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሆነ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወሩን ስም ሁልጊዜ በፊደል መጻፍና የማን አቆጣጠር እንደ ሆነ መግለጽ ነው። የእኛ መስከረም 1 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ በየአራት ዓመቱም ወደ 12 ይዛወራል። ዘመኑም እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። እኛ ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያልነው በእንግሊዝኛ 9 ሰዓት ነው። በ«ናይን ኤ.ኤም.» የቀጠረዎ ደንበኛ የሚጠብቅዎ በ3 ሰዓት ነው።

ስለ ሚዛን ደግሞ፥ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም፥ አንድ ሜትሪክ ቶን 1,000 ኪሎ ግራም ነው። በአሜሪካ «ቶን» ብቻ ሲባል ግን 907 ኪሎ ግራም ያህል ነው። 20 ቶን ገዛሁ ያለ ሰው በሁለቱ ልኬቶች መካከል ከ18 ኩንታል በላይ ይጎድልበታል። ስለዚህ «ሜትሪክ» የምትለዋን ቃል አትተዉ፤ ከተቻለም ክብደቱን በኪሎ ግራም አስጽፉ።

9ኛ፤ እንዴት ይጠናል?

የሥራ ሰው እንደ ተማሪ ወንበር ይዞ ለመቀመጥ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። መጽሐፉ ግን በእጁ ነው፤ ይኸውም በመደርደሪያው ያሉት ያለፉት ዓመታት ደረሰኞች፥ ደብዳቤዎችና ውሎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን በሳምንት ያውጣ። በመጀመሪያ ግሦቹን ይፈልግና ባለቤታቸውን ይለይ። ቀጥሎ «ሻል»ንና «ሜይ»ን፥ «ባይ»ንና «አንቲል»ን ያስምር። በመጨረሻም የማያውቃቸውን አሥር ቃላት በደብተር በሦስት ዐምድ ይጻፋቸው፤ በአንዱ ቃሉን፥ በሁለተኛው ድምፁን በፊደላችን፥ በሦስተኛው ትርጉሙን። በሳምንት አሥር ቃል በዓመት ከ500 በላይ ይሆናል፤ በአንድ ዐይነት ሸቀጥ ለሚነግድ ሰው ይህ ቀላል ስንቅ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ በቤቱ ካለም ያስነብበው፤ ልጁ ንግዱን ይማራል፥ አባት ወይም እናት ቋንቋውን ይማራሉ።

ውሉ በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ሲሆን ደግሞ፥ ልዩነት ቢገኝ የትኛው ጽሑፍ እንደሚጸና በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ራሱ በ106ኛው አንቀጽ የመጨረሻው ሕጋዊ ዕውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጎአል። መንግሥት ለሕገ መንግሥቱ ያሰበውን ነጋዴ ለውሉ ቢያስብ ተገቢ ነው። ይህ አንቀጽ ባይኖር፥ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው እኔ ነኝ ትክክል ሲሉ ይኖራሉ።

ያልገባዎትን ቃል መጠየቅ በነጋዴ ዘንድ ነውር አይደለም። ሚዛኑን ሳያይ እህል የሚረከብ ነጋዴ በወሎ አይገኝም፤ የሚፈርምበትንም ቃል እንደዚሁ መዝኖ መረከብ ይገባዋል።